የጠባቧ ወረቀት ጀርባ

ለሚመለከተው ሁሉ እንዲታወቅ፤ በዚያ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሦስት ደቂቃ ላይ፣ አንዲት ሴት ሻይ ልትጠጣ ደረጃ ወረደች።

ደረጃው ብረት ነው፤ ሰባ ሁለት እርከን አለው። ከላይ የበረራ መቆጣጠሪያው ክፍል፣ ከታች አንድ ምድጃ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና ማንም የእኔ ናቸው የማይላቸው ስድስት ኩባያዎች ያሉበት የሻይ ክፍል። ተቆጣጣሪዋ ለስድስት ዓመት በቀን ሁለት ሦስቴ ወርዳዋለች፤ መውረዷ በራሱ ወሬ አይሆንም ነበር። ሻይ ክፍሉ ውስጥ ስኳር ስለማይበረክት ሁሉም ሠራተኛ የራሱን በኪሱ ይዞ ነው የሚወርደው። እሷም አርባኛው እርከን ላይ ስኳሯን ፍለጋ እጇን ኪሷ ከተተች። እጇ የነካው ግን ስኳር ሳይሆን ወረቀት ነበር።

እዚያ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ አውሮፕላን የጣት ስፋት፣ የስንዝር ርዝመት ያላት ወረቀት አለችው። የአውሮፕላኑ መለያ፣ ያለበት ከፍታ፣ የታዘዘው ትእዛዝ ይጻፍባታል፤ ከዚያ የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ገብታ ሰሌዳ ላይ ትደረደራለች። ከፍ ብሎ የሚበረው ከላይ፣ ዝቅ ብሎ የሚበረው ከታች። ራዳሩ ደህና በሆነበት ቀን ሰሌዳው ላይ ብዙ ዓይን አያርፍም። ያን ሳምንት ግን ራዳሩ ለጥገና ተፈታቶ፣ ሁለት ቴክኒሻኖች ከሌላ ሕንፃ ውስጥ በጀርባቸው ሥሩ ተኝተው የተራረፉ ብሎኖች የማን እንደሆኑ ይከራከሩ ነበር። ደመናው ደግሞ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። እንዲህ ባለ ቀን ሰሌዳው ላይ ያለ አውሮፕላን አለ፤ ሰሌዳው ላይ የሌለ አውሮፕላን የለም።

ኪሷ ውስጥ የተገኘችው የዘጠኝ ሺህ ጫማዋ ወረቀት ናት። የተጻፈችለት ከአርባ ሦስት መንገደኞች ጋር ደመና ውስጥ እየዞረ ተራውን የሚጠብቅ አውሮፕላን ነው። አብራሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የእሷ ነው።

አርባውን እርከን እንዴት እንደወጣችው አታስታውስም። ስትደርስ ወንበሩን የተረከቧት አንጋፋው ተቆጣጣሪ ጋሼ ትእዛዙን ሰጥተው ጨርሰዋል፤ ዐሥር ሺህ ላይ የነበረውን የጭነት አውሮፕላን ወደ ዘጠኝ ሺህ አውርደውታል። ሰሌዳው ላይ ዘጠኝ ሺህ ባዶ ነበራ። አውሮፕላኖች ሲጠጋጉ በራሳቸው የሚጮሁበት መሣሪያ አላቸው፤ አንዱን ውጣ፣ ሌላውን ውረድ ይላል። እነዚያም ተጯጯሁና ተላለፉ። በመሀላቸው የቀረው መቶ ጫማ ነው፤ ከአንድ ግቢ በር እስከ ጓሮው ያለውን ያህል። ከመንገደኞቹ አንድም ሰው አልተጎዳም። መጠጥ ስታድል የነበረች አንዲት አስተናጋጅ ክንዷ ተሰበረ።

ጋሼ ከወንበራቸው አልተነሱም። ማይክራፎኑን እንደያዙ፣ ዞር ሳይሉ፣ ለልጅ እንደሚዘረጋ ግራ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። ወረቀቷን መዳፋቸው ላይ አኖረቻት። ጋሼ ሳይገለብጡ መያዣዋ ውስጥ ሰኳት፤ ሰሌዳው ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ጣሏት፤ ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው አነሷት።

«ክርኔ ነው የጣላት» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ ከሁለታቸው በቀር ሰው አልነበረም። ለማን እንደተናገሩ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ጋሼ ሥራውን ያስተማሯት ሰው ናቸው። ወንበር ሲረከቡ የማይለውጡት ልማድ አላቸው፤ ሰሌዳው ከላይ እስከ ታች ይነበብላቸዋል፣ ፊርማ ይፈረማል፣ ከዚያ ሊቀመጡ ሲሉ «የረሳሽው ሰው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተረከቧቸውን ሁሉ ጠይቀዋል። ወጣቶቹ ቀልድ አድርገውታል፤ ከሻይ ክፍል ሲወጡ እርስ በርሳቸው «የረሳኸው ሰው አለ?» ይባባላሉ። ያን ጠዋትም ጠየቋት። ሰሌዳውን አየችና «የለም ጋሼ» አለች። ውሸቷን አልነበረም። ዓይኗ ለስድስት ዓመት የተማረው ሰሌዳውን ማንበብ ነው፤ ኪስ ማንበብ አልተማረም።

*

ወረቀቷ ኪስ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር ለሚል አንባቢ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከዓመት ከአራት ወር በፊት፣ ከድምፅ ነው።

ሰውየው ረዳት አብራሪ ነው። ትከሻው ላይ ሦስት የወርቅ መስመር አለ፤ ካፒቴን ሲሆን አራተኛው ይጨመርለታል። ተቆጣጣሪዎቹ «ባለሦስቱ» ይሉታል። መስመሮቹን ከማየቷ በፊት ድምፁን ነው የለመደችው። ሌሎች አብራሪዎች ትእዛዝ ሲደግሙ ከሆቴል እንደሚወጣ ሰው ይቸኩላሉ፤ እሱ ግን እያንዳንዷን ቁጥር ወንበር ስቦ እንደሚያስቀምጣት አድርጎ ነው የሚደግማት። «ዘጠኝ ሺህ» ሲላት፣ ማንም ሰው ዘጠኝ ሺህ ብሎላት የማያውቅ ይመስላት ጀመር። አራት ወር እንዲህ ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን መንገደኞች መግቢያው ጋ አንድ ሰው ይቅርታ ብሎ አለፋት፤ ሁለቱም ቆሙ። ይቅርታ ከምትለዋ ቃል በቀር ምንም አልተባባሉም። ይበቃ ነበር።

ደብዳቤው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ወደምትሠራበት ክፍል ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ እሱ በሚበርበት ቀን፣ የወረቀቷን ጀርባ ገልብጣ በደቃቅ ፊደል ትጽፍለታለች፤ ለማኅደሩ ሌላ ወረቀት ላይ አጥርታ ትጽፍና ዋናዋን በፖስታ አሽጋ «የአየር ጠባይ መረጃ» ብላ ወደ አብራሪዎች ክፍል ትልካለች። እሱ በሚሠራበት የአየር መንገድ ኩባንያ ታሪክ የአየር ጠባይ መረጃ እንደዚያ ተጠብቆ አያውቅም። እሱም መልሱን የጭነት ክብደት በሚመዘገብበት ቅጽ ጀርባ ይጽፍላታል።

አንድ አመል አለባት። የዚያ ክፍል ሰው ሰዓት ሳይጽፍ ምንም አይጽፍም፤ ከጊዜ በኋላ እጅ ራሱ ይለምደዋል። አባቷ በሥራ ቀን ከቤት ሲገቡ ጠረጴዛ ላይ የሚያገኙት ማስታወሻ «አንድ ሰዓት ከአምስት። ምሳህ ድስቱ ውስጥ ነው። አንድ ሰዓት ከስድስት» የሚል ነው። ሰውየው ልጃቸው ስለ ድስቱ አንድ ደቂቃ ሙሉ እንዳሰበች ያውቃሉ።

አባቷ የአውሮፕላን ማረፊያው የእሳት አደጋ መኪና ሹፌር ናቸው። ባለሦስቱ ደግሞ የኩባንያው ልጅ ነው ቢባል ይቀላል። ኩባንያውን ያቋቋሙት አባቱ ሞተው፣ አሁን የሚያዙት እናቱ ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። ባለሦስቱ አንድ ቅዳሜ ልጅቷን «የሥራ ባልደረባዬ» ብሎ እቤት ወሰዳት። እትዬ የምትሠራውን ሲሰሙ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ መሰለቻቸው፤ ስትነግራቸውም ሐሳባቸውን አልለወጡም። የአባቷን ሥራ ጠየቋት።

«እሳት ማጥፋት ነው» አለች።

«ጎሽ። ስንት እሳት አጠፉ?»

«እስካሁን አንድም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አልተነሳም።»

እትዬ ልጃቸውን አዩ፤ ልጃቸው የሻይ ማንኪያውን አየ። ልጅቷ ስትወጣ ጃንጥላዋን ረሳች። በማግስቱ የእትዬ ሹፌር ጃንጥላውን ከአንዲት ወረቀት ጋር አመጣላት። «ጃንጥላሽን ልኬልሻለሁ፤ ለመውሰድ ብለሽ እንዳትደክሚ» ይላል። ጽሕፈቱ ያምራል። ሰባት ጊዜ አነበበችው፤ በሰባተኛው ስድብ መሆኑን አመነች።

ያን ማክሰኞም ዝናብ ስለነበር ያንኑ ጃንጥላ ይዛ መጥታለች። ባለሦስቱ ዘጠኝ ሺህ ላይ መጣ፤ ድምፁ ታፍኗል። ጉንፋን የያዘው አብራሪ ጆሮው እስኪከፈት መብረር የለበትም፤ የካፒቴንነት ፈተናው ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለነበር ለማንም አልተናገረም። እሷም ለማንም አልተናገረችም። ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ወረቀቷን ከመያዣዋ አውጥታ ገለበጠችና ጥቂት መስመር ጻፈች። ከታች የደረጃው ብረት መጮህ ጀመረ። ጋሼ ሰባ ሁለቱን እርከን ለመውጣት ሦስት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፤ ወረቀቷን ቦታዋ ለመመለስ ደግሞ ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ግን ጀርባዋ ላይ ቀለሙ አልደረቀም፤ ፊቷም ቀልቷል፤ ሲሳሳሙ እንደተያዙ ልጆች ደንግጣ ኪሷ ውስጥ ደበቀቻት። ወዲያው የርክክቡን መዝገብ መሙላት ጀመረች፤ ጨዋ ለመምሰል።

ነገሩ ይኸው ነው። ሰው ለመግደል አንድ መቶ ጫማ የቀራት በእፍረት ነው።

*

የዚያን ዕለት አባቷ ከሥራ ሲገቡ ጫማቸውን አላወለቁም። መኪናው ወጥቶ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለልምምድ ሳይሆን ለእውነት ሲወጣ የመጀመሪያው ነው፤ አውሮፕላኑ ቆስሎ ይሆናል ተብሎ በሳይረን ማኮብኮቢያው ጫፍ ድረስ ሄደው ጠበቁ። አረፈ፣ ቆመ፣ ሰው በደረጃ ወረደ። የሚጠፋ እሳት አልነበረም።

ለእሷ ሲነግሯት ጓደኞቻቸው እንደቀለዱባቸው አልደበቁም፤ አንዱ «ዕድልህ ነው፣ ዛሬም አመለጠህ» ብሏቸዋል። ከዚያ ውሃ ጠየቁ። ውሃውን ሰጠቻቸው።

«አርባ ሦስት ሰው ቆጠርኩ» አሉ። «ሲወርዱ አንድ በአንድ። አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አውለበለበችልኝ። ለመኪናው ይሆናል፣ ቀይ ስለሆነ።»

«አባዬ» አለች።

«ወዬ።»

«ምሳህ ድስቱ ውስጥ ነው» አለች።

*

በሦስተኛው ቀን ባለሦስቱ ከጭነት መጋዘኑ ጀርባ መኪናውን አቁሞ አስጠራት። ስትገባ «ተጎዳህ?» ብላ እጁን ያዘች። አልተጎዳሁም አላት። በፊት መስታወቱ በኩል የመጋዘኑን ግድግዳ እያየ ዝም አለ፤ ለእሷም ዝምታው ሐዘን መሰላት። ሞት አጠገቡ ደርሶ የተመለሰ ሰው ምን ያወራል ብላ አብራው ዝም አለች። በኋላ ስታስበው ግን ሰውየው ያን ጊዜ ዓረፍተ ነገር እያስተካከለ ነበር።

«ኪስሽ ውስጥ ነበርኩ፤ አይደል?» አላት።

ራሷን ነቀነቀች። አንድ አፍታ ፊቱ ላይ የምታውቀው ነገር መጣ፤ ቁጥሮቹን ወንበር ስቦ የሚያስቀምጠው ሰውዬ። ወዲያው ሄደ።

አጣሪ ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚቀመጥ ነገራት። እናቱ ኩባንያውን ወክለው ይገኛሉ። የሁለቱ ነገር ከተነሳ እሱ ፈተናውን፣ እሷ ፈቃዷን ያጣሉ፤ ካልተነሳ ማንም ምንም አያጣም። «አላውቃትም እላለሁ፤ አንቺም አላውቀውም በይ። ሁለት ቃል ናት» አለ።

«አንድ ቃል ናት» አለችው። «ጋሼስ?»

«ሽማግሌው ራሳቸው አይደሉ እንዴ ክርኔ ነው ያሉት? ማን አስገደዳቸው? አራት ወር ነው ለጡረታ የቀራቸው።»

«ሠላሳ አንድ ዓመትም አልፏቸዋል።»

«እንግዲህ» አለና ሳለ። ረጅም ሳል ነው፤ መሪውን ይዞ ጎንበስ ብሎ ጨረሰው። «አራተኛው መስመር ትከሻዬ ላይ ይረፍ። በነጋታው እጅሽን ይዤ እማዬ ፊት እቆማለሁ።»

«ያ ነጋታ ከስንት ነጋታ በኋላ ነው?»

ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈላት፣ ደግሞ ዘረጋላት። በሥራቸው ደንብ፣ የታዘዘ ሰው እሺ ብቻ ማለት አይበቃውም፤ የታዘዘውን መድገም አለበት። በደግ ጊዜ ይህ የሁለታቸው ቀልድ ነበር። ነገ በዐሥራ አንድ ሰዓት ይላታል፤ ነገ በዐሥራ አንድ ሰዓት ትለዋለች፤ ይሳሳቃሉ። አሁንም ፈገግ ብሎ «በይ ድገሚልኝ» አላት።

«አላውቀውም» አለች።

ከመኪናው ስትወርድ ቃሏ አፏ ውስጥ ቀረ፤ እንደ መድኃኒት፣ በውሃም አልሄደም።

*

ጋሼ ከሥራ ታግደዋል። ቁምሳጥናቸውን ሊያጸዱ ሲመጡ ጠብቃ ተከተለቻቸው። ከቁምሳጥኑ የወጣው አንድ ሹራብ፣ ሁለት መነጽር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ግማሽ ጥቅል ስኳርና በፍሬም የተደረገ የምስክር ወረቀት ነበር። ምስክር ወረቀቱ ላይ «ያለ አንዳች ስሕተት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ጋሼ በሹራቡ ጠቀለሉት፣ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርገው።

እውነቱን ልትናገር መሆኑን ነገረቻቸው።

«የምኑን?»

«ወረቀቷ ኪሴ ውስጥ እንደነበረች።»

«ወረቀቷ ወለል ላይ ነበረች። ያነሳኋት እኔ ነኝ። ሳነሳት አላየሽም?»

«አየሁ። ሲጥሏትም አይቻለሁ።»

ጋሼ ስኳሩን አንስተው ሰጧት። አልተቆጧትም። አንቺ ሃያ ስምንት ዓመት ይቀርሻል፣ እኔ አራት ወር፤ ሒሳቡን ልጅም ይሠራዋል አሏት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሳላጋጭ ኖሬ አንድም ሰው መጥቶ አላመሰገነኝም፤ ያልተጋጨ ሰው ምን ብሎ ያመሰግናል? አሁን ደግሞ ያሙኛል፤ ያም ቢሆን ወሬ ነው፣ ይሰለቻቸዋል አሏት። እሷ የምትሰማው ግን ድምፃቸውን ነበር፤ ሰሌዳ ሲያስረክቡ የሚያወሩበት ድምፅ ነው።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አሉ። «ያ ልጅ ይህ ሁሉ ይገባዋል?»

«ይገባዋል» አለች፣ ስኳሩን እያየች።

ከግንባሯ እስከ አገጯ ፊቷን አነበቡት። የጎደለ ነገር እንዳለ አወቁ፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን የረሳሽው ሰው አለ ብለው አልጠየቁም።

«ጋሼ፣ ጀርባዋን አይተውታል?»

«የወረቀት ጀርባ ምን ይታያል» አሉና ቁልፋቸውን መፈለግ ጀመሩ። ቁልፉ እጃቸው ላይ ነበር።

*

አጣሪ ኮሚቴው በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በሠራተኞች አዳራሽ ተቀመጠ። ግድግዳው ላይ የኩባንያው መሥራች ፎቶግራፍና አንድ ትልቅ ሰዓት አለ። ሰብሳቢው የሰርግ ጥሪም የእስር ማዘዣም ቢሰጧቸው በአንድ ድምፅ የሚያነቡ ሰው ናቸው። ከጎናቸው ጸሐፊዋ የሚባለውን ሁሉ ትጽፋለች፤ ሰው ጉሮሮውን ቢጠርግ እንኳ ቀና ትላለች።

እትዬ ሲገቡ ሁሉም ተነሳ። ዞረው ሰላም አሉ። ተቆጣጣሪዋ ጋ ሲደርሱ የጣታቸውን ጫፍ ሰጧትና፣ ለሰብሳቢው እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ «ተዋውቀን አናውቅም መሰለኝ» አሉ። ጃንጥላው ከወንበሯ ጀርባ ተንጠልጥሎ ነበር።

ጋሼ ቃላቸውን ሰጡ። ሰሌዳውን ከነሙሉ ወረቀቶቹ በሁለት ሰዓት ከአርባ ሁለት ተረከብኩ፤ ክርኔ አንዷን ጣላት፤ ዘጠኝ ሺህ ባዶ መስሎኝ ጭነቱን አወረድኩ። አጭር፣ የተስተካከለ፣ የተለማመዱት ነገር ነው። ሰብሳቢው ዕድሜያቸውን ጠየቁ፤ ጋሼ ነገሯቸው። ስለ ዓይናቸው ጠየቁ፤ መነጽራቸውን አወለቁና አሳዩ። ጸሐፊዋ መነጽር ብላ ጻፈች።

ባለሦስቱ ተነሳ። ልብሱ ተተኩሷል፤ ሦስቱ መስመሮች ያብረቀርቃሉ። በየዓረፍተ ነገሩ መሀል ውሃ ይጎነጫል፤ ለሚያየው ሰው ረጋ ያለ ይመስላል። መሣሪያው እንደጮኸ፣ እንደወጣ፣ እንዳረፈ ተናገረ። ጤንነትህስ ሲባል ፍጹም ጤነኛ ነበርኩ አለ። ለስሕተቱ ምክንያት የምትለው አለህ ተባለ። ጋሼን አላየም። «ዕድሜ ሳይሆን አይቀርም» አለ። ይህች ቃል መኪናው ውስጥ ከተስማሙበት አልነበረችም።

«ተቆጣጣሪዋን ያውቋታል?» አሉ ሰብሳቢው።

«አላውቃትም።»

በቃ፣ የተስማሙበት ይኸው ነበር። ባለሦስቱ ግን ውሃ ተጎነጨና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ጨመረበት።

«በድምፅም ቢሆን ለይቼ አላውቃትም።»

እሷ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ አልተለወጠም። አላውቃትም የምትለዋን ለዘጠኝ ቀን ስትለማመዳት ቆይታለች፤ ሰውነቷ ለእሷ ተዘጋጅቷል። ለሁለተኛዋ ግን የተዘጋጀ ቦታ አልነበራትም። አራት ወር ፊት ሳይኖረው፣ ድምፅ ብቻ ሆኖ፣ ከደመና ውስጥ እየመጣ «ዘጠኝ ሺህ» ያላት ሰው ማን ነበር? ቀና ብላ አየችው። እሱ የግድግዳውን ፎቶግራፍ ያይ ነበር።

ተራዋ ደረሰ። ያውቁታል ሲሏት «አላውቀውም» አለች፤ ስትናገረው እውነት እንደሆነ ገረማት።

ሰብሳቢው ፖስታውን ከፍተው ማስረጃዋን አወጡ። ጠባቧ ወረቀት መያዣዋ ውስጥ እንዳለች ነበረች፤ ለዐሥራ ሁለት ቀን ሁሉም ያየው ፊቷን ብቻ ነው። የአውሮፕላኑን መለያ አነበቡ። ዘጠኝ ሺህ ጫማ፣ ይጠብቅ፣ ብለው አነበቡ። በደንቡ መሠረት ማስረጃ ላይ ያለ ምልክት ሁሉ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ አነበቡና ጠረጴዛው ላይ አኖሯት። እትዬ ቦርሳቸውን ዘጉ። ጋሼ ሹራባቸውን አስተካከሉ፤ በዚያ ቅጽበት ያረጁ መሰሉ፣ ደግሞ ደስ ያላቸው መሰሉ።

«እንግዲህ ልንዘጋ ነው» አሉ ሰብሳቢው፣ ለደንቡ ያህል። «የተረሳ ነገር አለ?»

እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚጠየቀው ማንም እንዳይመልሰው ነው።

«አለ» አለች ተቆጣጣሪዋ።

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ወረቀቷን ከመያዣዋ ያውጧትና ይገልብጧት።»

ሰብሳቢው የመያዣዋን ጎንና ጎን በጥፍራቸው ፈልገው አወጧት፤ ገለበጧት፤ ከመነጽራቸው አራቋት፣ አቀረቧት። ደቃቅ ፊደል ነው። ባለሦስቱ እጁን ወደ ውሃው ሰደደ፤ ብርጭቆው አልቆ ነበር። ደንብ ደንብ ስለሆነ ሰብሳቢው በዚያው ድምፃቸው፣ ዘጠኝ ሺህ ጫማ ይጠብቅ ባሉበት ድምፅ፣ ማንበብ ጀመሩ።

«ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት። ድምፅህ ዛሬም ታፍኗል። ታመህ አትብረር ብዬህ ነበር። እዚህ ይዘንባል፤ እናትህ የመለሱልኝን ጃንጥላ ይዤ መጥቻለሁ። ከላይህ ጭነት አለ፣ ከታችህ ማንም የለም። ትንሽ ታገሠኝ፣ አወርድሃለሁ። ጋሼ ደረጃውን እየወጡ ነው። ና፣ ኪሴ ግባ። ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ዘጠኝ።»

ሰብሳቢው ወረቀቷን አስቀመጡ። ማንም ማንንም አላየም። እትዬ ወደ ወንበሩ ጀርባ፣ ወደ ጃንጥላው፣ አንዴ አዩና ዓይናቸውን መለሱ። ጋሼ መነጽራቸውን ለመጥረግ ሹራባቸውን ፈለጉ፤ ለብሰውት ነበር።

ባለሦስቱ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እስከሚችለው ያዘው። ከዚያ ሳለ። ረጅም ሳል ነው፤ ጠረጴዛውን ይዞ ጎንበስ አለበት፤ አላቆመለትም።

ጸሐፊዋ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ሳሉን ከነሰዓቱ ጻፈች።